ነፍስን መስጠትና ነፍስን ማጥፋት

በአዲስ አበባ መካከል የሚገኘው፣ ካዛንቺስንም የሚጨምረው ክፍለ ከተማ የሚጠራው በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ነው። ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር በአንድነት መከራን ተቀበለ። ታዲያ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች አብረው መሞታቸው ሁልጊዜ የፍቅር ምስክር ነውን?

በጃፓን አገር ቀድሞ «ሺንጁ» የሚባል ልማድ ነበረ። ቃሉ በቁሙ «የልብ ውስጥ» ማለት ነው፤ በትዳር ለመኖር መንገድ ያጡ ወንድና ሴት ፍቅራቸውን ለማስመስከር አብረው ነፍሳቸውን ያጠፉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1703 ዓ.ም. በኦሳካ ከተማ የሆነውን እንዲህ ያለ ሞት ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን የተባለ ደራሲ በዚያው ዓመት ለአሻንጉሊት ቴአትር ደረሰው። ሕዝቡ ድርሰቱን ወደደው፤ ነገር ግን ከ20 ዓመት ያህል በኋላ መንግሥት እንዲህ ያለውን ቴአትርም ድርጊቱንም ከለከለ።

«ጌታችን ነፍሱን ስለ ወዳጁ ከሚሰጥ ሰው ፍቅር የሚበልጥ እንደሌለ አላስተማረምን?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። አስተምሯል። ነገር ግን ነፍሱን ስለ ወዳጁ የሚሰጥ ሰው የሚሞተው ወዳጁ እንዲኖር ነው። በሺንጁ ግን የሚድን የለም፤ ወዳጁን ከሞት ሊከለክል የሚገባው እጅ ራሱ ወደ ሞት ይስበዋል።

ቂርቆስና ኢየሉጣም ሞትን ፈልገው አልሄዱም፤ ሃይማኖታቸውን አንክድም አሉ እንጂ። እናቲቱ የፈላውን ውኃ ድምፅ ሰምታ በፈራች ጊዜ ሕፃኑ ያጸናት በእግዚአብሔር ተስፋ እንድታደርግ ነው። ቅዱስ ገብርኤል ከዚያ እሳት ያዳነበትን ቀን ሐምሌ 19 እናከብራለን። እንግዲህ ሰማዕትነት ከተስፋ ይወለዳል፤ ነፍስን ማጥፋት ግን ከተስፋ መቍረጥ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ ሰብለ ወንጌል በዛብህ ሲሞትባት መነኰሰች እንጂ ነፍሷን አላጠፋችም።

ይሁን እንጂ የሞቱትን መውቀስ ብቻ አይበቃንም። ፍትሐ ነገሥት ለጋብቻ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዘር ወይም በሀብት ምክንያት የሚዋደዱትን የሚለያይ ወላጅ ራሱን ይመርምር። የንስሓ አባትም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከልጁ አፍ የሰማ እንደ ሆነ ከመገሠጹ አስቀድሞ ያዳምጥ፤ ብቻውን አይተወው፤ ወላጆቹን ያስታርቅ፤ ወደ ሐኪምም ያድርሰው። በሕይወት ሳሉ ያልሰማናቸውን በመቃብራቸው ላይ ብናለቅስ ምን ይጠቅማቸዋል?

የቅዱስ ቂርቆስና የቅድስት ኢየሉጣ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።