ያልተጫወትነው ግጥሚያ

ባለፈው ክረምት በጣና ዳር ከምናውቃቸው የሰፈር ወጣቶች አንዱን ከእግር ኳስ ውድድር መልስ ተክዞ አገኘነው። ቡድኑ ለፍጻሜ ማለፉን ሰምተን ስለነበር የኀዘኑን ምክንያት ጠየቅነው። «አባ፣ ያለፍነው በፎርፌ ነው» አለን። «ተጋጣሚዎቻችን ያልተመዘገበ ልጅ ሊያሰልፉ ሲሉ ከስሰን ያስወጣናቸው እኛው ነን። ክሱ እውነት ነበር። ነገር ግን ጥቅም ባናገኝበት ኖሮ ያንን እውነት እንናገረው ነበርን?»

ጥያቄው ከአንድ የሰፈር ውድድር በላይ የሚከብድ ስለሆነ ወዲያው መልስ አልሰጠነውም። ፍትሕን ለማስከበር ስንነሣ ትርፉ ወደ ራሳችን የሚመለስ ከሆነ፣ ሥራችን ፍትሕ መባሉ ይቀራልን? አገራችን በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ተጋፍጣለችና፣ ወደዚያ ዘመን መለስ ብለን እንመልከት።

የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) በካርቱም ነው። የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን የመሠረቱት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፤ በዕጣውም ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን እንድትገጥም ተመደበች። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ግን ነጮች ብቻ የሆኑበትን ወይም ጥቁሮች ብቻ የሆኑበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አንልክም አሉ። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ አንድም ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ተጠራጣሪ ሰው «ኢትዮጵያ የዘር አድልዎን የተቃወመችው ስለጠቀማት ነው» ሊል ይችላል። እኛ ግን በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀው እናያለን። አንደኛው ሥራው ትክክል ነውን? የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሠሪው ቅን ነውን? የሚል ነው። አንድ ዳኛ በግፍ የተያዘ ርስት አስለቅቆ ለገዛ ወንድሙ ቢመልስ፣ ፍርዱ ወንድሙን ስለጠቀመ ብቻ ሐሰት አይሆንም። የዳኛው ልብ የሚታወቀው ግን ወንድሙ በዳይ ሆኖ በቆመ ዕለት ነው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ የሆነው ራሱ ይመሰክራል። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ነው። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ጨዋታ ግብ አስቆጥሯል። «ወይ ነጭ፣ ወይ ጥቁር» በሚለው ደንብ እነዚህን ወንድማማቾች በየትኛው ወገን እናሰልፋቸው ነበር? ሰውን ለሁለት ከፍሎ የሚመዝን ደንብ፣ እምቢ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ እምቢ ሊባል የሚገባው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ዘመን የሚጠይቅ ነው። ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት ሲያገለግሉ ያንኑ አድልዎ ያለማቋረጥ ተቃወሙ፤ ፍጻሜውንም ሳያዩ በ1987 ዐረፉ። ከ1957ቱ ፎርፌ ሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያ አቋም መጽናታቸው የማንንም ቡድን ለፍጻሜ አያሳልፍም ነበር።

ዋጋ የተከፈለበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ፣ ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀረች። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ሁለቱን ወርቆቹን ለመውሰድ እስከ 1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ መጠበቅ ግድ ሆነበት። እዚህ ላይ ግን ልብ ልንል ይገባናል፤ ወሳኙ መንግሥት ነው፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ሯጩ ነው። ያው መንግሥት በዚያው ዘመን በገዛ ልጆቹ ላይ ያደረሰውን ግፍ የሚረሳ የለም። ስለሆነም በሩቅ ያለውን በደል ማውገዝ ብቻውን የልብ ንጽሕና ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የራሳችንን ጥቅም በገዛ እጃችን መተዋችን ነው።

ደቡብ አፍሪካ አድልዎው ሲወድቅ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ አህጉሩ እግር ኳስ ተመለሰች፤ በ1996ም ዋንጫውን በአገሯ አነሣች። ኢትዮጵያም ለ31 ዓመታት ከዋንጫው ርቃ ቆይታ በ2013 የተመለሰችው እዚያው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። በ1957 ያልተጫወትንበትን ግጥሚያ ያስቀረው ደንብ ተሽሮ፣ ልጆቻችን በዚያች አገር ሜዳ በእንግድነት ተሰለፉ። ከምድቡ ባናልፍም፣ ይህ በራሱ ታላቅ ነገር ነበር።

እኛም የባሕር ዳር ሰዎች ያልለፉበትን የመቀበል ትምህርት በቅርቡ አግኝተናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በከተማችን ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ስንረታ ተደሰትን። ከቀናት በኋላ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 ተሸነፍን፤ ቢሆንም ማዳጋስካር ከኒጀር ጋር አቻ በመውጣቷ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። እንዲህ ያለውን ዕድል በምስጋና መቀበል እንጂ የጉልበታችን ፍሬ አድርጎ መመካት አይገባም።

ለወጣቱ በመጨረሻ ያልነው ይህንኑ ነው። ክሱ እውነት ከነበረ አትጸጸት፤ ባልተጫወትኸውም ግጥሚያ አትመካ። ነገር ግን ከፍጻሜው በፊት የገዛ ቡድናችሁን መዝገብ እናንተው መርምሩ፤ ጉድለት ብታገኙ፣ ማንም ሳይከስሳችሁ፣ ልጁ የቡድኑ ዋና አጥቂ ቢሆን እንኳ ከሜዳ አስቀሩት። የመጀመሪያው ክስ ከፍትሕ ይሁን ከጥቅም የመጣ መሆኑን ያን ጊዜ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባ፣ መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው» አለንና ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።