ሳይጠሩት አቤት

ከወጣትነት ጠባዮች ሁለቱ፣ ሩቅ አገር የማየት ጉጉትና የሰውን ችግር አይቶ ዝም ያለማለት ስሜት ናቸው። ዛሬ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የሚነሡ ብዙ ወጣቶች ሁለቱን በአንድ ስንቅ ቋጥረው ወደ ኔፓል ይጓዛሉ። ጥቂት ሳምንታት በሕፃናት ማሳደጊያ ያገለግላሉ፤ ከዚያም ጓዛቸውን ለተሸካሚ ሰጥተው፣ በኤቨረስት ግርጌ 5,364 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኘው የተራራ ወጪዎች ሰፈር በእግር ይወጣሉ። ይህን የሚያደርገው ወጣት ልቡ ክፉ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚነሣው እዚሁ ላይ ነው፤ ቅን ልብ ብቻውን አንድን ሥራ ቅን ሊያደርገው ይችላልን?

ነገሩን ጠጋ ብለን እንመልከት። በእነዚያ ማሳደጊያዎች ከሚኖሩት ሕፃናት የአብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አለ። ቤቶቹም የሚበዙት ድህነት በጠናባቸው የተራራ መንደሮች ሳይሆን፣ እንደ ካትማንዱና ፖካራ ባሉ ጎብኚ በሚያዘወትራቸው ስፍራዎች ነው። ደላላው ወደ ሩቅ መንደር ይዘልቃል፤ ልጃችሁን አስተምራለሁ ብሎ ወላጆችን ያግባባል፤ ሕፃኑም እናቱ እያለች ወላጅ አልባ ተብሎ ይመዘገባል። የእንግዳው መዋጮ ለቤቱ ባለቤት ገቢ ነውና፣ አዛኙ በበዛ ቁጥር የሚታዘንለት ሕፃን ይፈለጋል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ ስታወጣ ይህን አድራጎት ከዘመናዊ ባርነት መልኮች እንደ አንዱ መቁጠሯ በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ወጣቱ የሚያብሰው እንባ፣ ሳያውቅ ራሱ ካስፈሰሰው እንባ ነው።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት ነውን? አይደለም። ከዚያው አገር ሌላ ምሳሌ አለ። ኒውዚላንዳዊው ንብ አናቢ ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ከሼርፓው ከቴንዚንግ ኖርጋይ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ጓዝ ተሸክሞ መንገድ ለመራው ሕዝብ ውለታውን ሊመልስ ፈለገ። የሚጠቅማቸውን ግን ራሱ አልወሰነላቸውም፤ ጠየቃቸው። ለልጆቻችን ትምህርት ቤት አሉት። እ.ኤ.አ. በ1961 በኩምጁንግ መንደር ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ የመንደሩ ልጆችም ከእናት ከአባታቸው ሳይለዩ ፊደል ቆጠሩበት።

የሁለቱ ልዩነት በርኅራኄ መጠን አይደለም፤ ጠሪው ማን ነው፣ ተጠሪውስ ማን በሚለው ላይ ነው። የእኛ ገበሬ ይህን ሥርዐት ከደቦ ያውቀዋል። ደቦ የሚጠራው ባለማሳው ነው፤ የሚታረሰውን የሚያመለክተውም እርሱ ነው። ዛሬ የተረዳ ነገ ይረዳልና ተረጂው አንገቱን አይደፋም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ብሂላችንም የሚነቅፈው ችኩሉን እንጂ ደጉን አይደለም።

ሕፃን ግን መጥራት አይችልም ይባል ይሆናል። ይችላል፤ የሚጠራው ግን እንግዳውን ሳይሆን እናቱን ነው። ስለዚህ ወጣቱ ይሂድ፣ ተራራውንም ይውጣ፤ ነገር ግን በማሳደጊያው ደጃፍ ከረሜላውን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት፣ የዚህ ልጅ እናት የት ናት ብሎ ይጠይቅ። መልሱን እስኪያገኝም እጁን ይሰብስብ።