አገልግሎት ያለ ፍቅር

ጌታችን ከሙታን ከተነሣ በኋላ፥ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር መንጋውን ለጴጥሮስ አደራ ሲሰጥ፥ የጠየቀው ስለ ዕውቀቱ ወይም ስለ አንደበቱ አልነበረም፤ ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው እንጂ። ይህን የዮሐንስ ወንጌል በ21ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። ጴጥሮስም መውደዱን በመሰከረ ቍጥር የተቀበለው ምስጋና ሳይሆን ሥራ ነበረ፤ ይኸውም በጎቹን መጠበቅ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፥ ለእግዚአብሔር ያለን ፍቅር በሰው አያያዛችን የሚፈተን መሆኑን ነው። ቀድሰንም ሆነ አስቀድሰን ስንመለስ፥ በደጀ ሰላም የተቀመጠውን ችግረኛ ገላምጠን ብናልፍ፥ ማንን አገለገልን እንላለን? የንስሐ አባት የልጁን ቤት የሚያውቀው በዝክርና በክርስትና ቀን ብቻ ከሆነ፥ የታመመው በማን ይጽናና? ተቀባዩን በሚያሳፍር መንገድ የተሰጠ ምጽዋትም ሆድን ያጠግብ ይሆናል፤ ልብን ግን ያቈስላል።

ጌታ ከመጠየቁ አስቀድሞ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ፥ ሌሊቱን ሲደክሙ ያደሩትን መገባቸው፤ ሦስት ጊዜ የካደውንም ጴጥሮስን ከማዕዱ አልለየውም። እንግዲህ ማዕረጋችንን ሳይሆን ይህን ማዕድ አብነት እናድርግ፤ ሰውን ሳይወዱ ማገልገል፥ እረኛ ሳይሆኑ በትር መያዝ ነውና።