ማሽኑ ከፈቀደ ተፈቀደ ማለት ነውን?

በሰፈራችን የጨዋታ ቤቶች ወጣቶች ስለ ድብድብ ጨዋታ ሲከራከሩ የሚሰማ ሰው ነገሩ የልጆች ጭቅጭቅ ይመስለውና ንቆ ያልፋል። ጉዳዩ ግን የሚናቅ አይደለም። አንዱ ተጫዋች በጨዋታው አሠራር ውስጥ ባለ ግድፈት ተጠቅሞ ያሸንፋል፤ ተሸናፊው «ይህ ማታለል ነው» ይላል፤ አሸናፊውም «ማሽኑ ፈቀደልኝ፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» ሲል ይመልሳል። ይህ መልስ ከጨዋታ ቤት ውጭም ስለሚሰማ፣ ተገቢ መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባናል።

ለምሳሌ የምወስደው ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ስትሪት ፋይተር ሁለት» ነው። አሮጌ ቢሆንም ከእርሱ በኋላ ለመጡት የድብድብ ጨዋታዎች አብነት ሆኗል፤ ግድፈቶቹም የታወቁ ናቸው። ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው ለዐይን ብቻ የሚታይ ነው። ሳጋት የሚባለው ረጅም የታይላንድ ተፋላሚ አንድ ዐይኑ የጠፋ ስለሆነ መሸፈኛ አድርጎበታል። ከመድረኩ በስተኋላ ትልቅ የቡድሃ ሐውልት ጋደም ብሎ ይታያል። ሳጋት ወደ ቀኝ ሲመለከት የተሸፈነው አንዱ ዐይኑ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ግን ሌላው ይሆናል። የስፔኑ ቬጋም የብረት ጥፍሩ በዞረ ቁጥር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይዛወራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያ ዘመን የማሽን ማኅደረ ትውስታ ጠባብና ውድ ስለነበረ፣ ተፋላሚው በአንድ ወገን ብቻ ተሥሎ ሌላውን ወገን ማሽኑ እንደ መስተዋት እየገለበጠ ያሳይ ነበር። በዚህ ግን የተበደለ ተጫዋች የለም።

ሁለተኛው ግድፈት ታሪክ ሠርቷል። ኖሪታካ ፉናሚዙ የተባለው አዘጋጅ፣ ተጫዋቹ መኪና የሚሰባብርበትን ተጨማሪ መድረክ ሲመረምር፣ ጊዜው በትክክል ከተጠበቀ በአንድ ምት ላይ ሌላ ምት መደረብ እንደሚቻል አስተዋለ። ማንም አስቦ የሠራው አልነበረም። ነገር ግን ለብዙ ሰው የማይሳካ ከባድ ነገር መስሎት እንደ ተደበቀ ተወው። ዛሬ «ኮምቦ» የሚባለው የምት ድርድር ከዚያ የመጣ ነው፤ ያለ እርሱ የድብድብ ጨዋታን ማሰብ እንኳ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ጋይል በሚባለው አሜሪካዊ ወታደር ላይ የታየው ነው። በመጀመሪያው እትም የጋይል ተጫዋች ቁልፎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል ሲነካ፣ ተጋጣሚውን እጁ ሳይደርስበት ከሩቅ ሊወረውረው ይችል ነበር። ተጋጣሚውን ከራሱ ጋር የሚያጣብቅበትም መንገድ ነበረው፤ ይህንን ተጫዋቾች «ካቴና» አሉት። በኋለኞቹ እትሞች ሁለቱም ተወግደዋል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሦስቱንም ማሽኑ ፈቅዷል። ሦስቱም ሳይታሰቡ የመጡ ናቸው። ስለዚህ «ማሽኑ ፈቀደ» ማለት ደጉን ከክፉው አይለይልንም፤ «ሠሪው አላሰበውም» ማለትም እንዲሁ። መለኪያው ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው «ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? መልስ መስጠትስ ይችላል?» የሚል ነው። በኮምቦ የተመታ ሰው ነገ ተምሮ ይመልሳል። በካቴና የተያዘ ሰው ግን የሚመልስበት እጅ የለውም። «እርሱም ጋይልን ይምረጥ» የሚሉ አሉ። በመጀመሪያው እትም ግን ሁለቱም ተጫዋቾች ጋይልን መምረጥ አይችሉም ነበር፤ የሚቀረው ጋይልን ቀድሞ ለመያዝ መሽቀዳደም ብቻ ነው፤ ጨዋታው ራሱ ይጠፋል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ኮምቦንም መጀመሪያ የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩና እነርሱስ አላታለሉም ወይ? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ባወቁት ነገር ምን አደረጉ በሚለው ላይ ይመሠረታል። ለሌላው ያሳየ ሰው ግድፈቱን የጋራ ጥበብ አደረገው፤ ደብቆ ያሸነፈበት ግን ከባልንጀራው ወሰደ። ስለዚህ ማንም ራሱን የሚፈትንበት ቀላል መንገድ አለ፤ ላደርገው ያሰብሁትን ከመጀመሬ በፊት ለተጋጣሚዬ ጮክ ብዬ ልነግረው እችላለሁን?

ይህ ፈተና ለእኛ ኑሮ ይሠራል። በመዝገብ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ቀን ተወልደናል፤ የልደት ቀኑን የማያውቅ ሁሉ እንዲያ ይጻፋልና። እንደ ሳጋት ዐይን ለመዝገቡ እንዲመች የተደረገ ነው፤ እንስቅበታለን። ዕድሜው በዚሁ ተዛብቶ ከክፍል የሚቀር ልጅ ካለ ግን ሳቁ ያበቃል።

አንድ ቤተሰብ በራሽን መዝገብ ላይ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጻፍስ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ፈጥኖ ይመጣል። ነገር ግን ከረጢቱ ልክ አለው፤ ሁለት ጊዜ የተሰፈረው ከሌላው ቁና ይጎድላል። ስድስት ልጆች ያሏት እናት ነገሩን ለጎረቤቶቿ ብትናገር፣ «ውሰጂው፣ ልጆችሽ ይብሉበት» ይሏት ይሆናል። እንግዲያው የፈቀዱላት ሰዎች ናቸው፤ ፈቃዱም እውነተኛ ነው። የሞተ ሰው ካርድ ሰብስቦ እህሉን ገበያ የሚያወጣ ነጋዴ ግን ይህን በአደባባይ ሊናገር አይችልም። መዝገቡ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፈቃድ ሰጥቷል፤ ልዩነቱን የሚያውቁት አብረዋቸው የሚኖሩት ናቸው።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ወጣቶቻችን ከትንሹ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ጆይስቲክ ከመያዛችሁ በፊት የትኛው ግድፈት እንደሚፈቀድና የትኛው እንደማይፈቀድ ተነጋገሩ፤ የተስማማችሁበትንም በጨዋታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፉት፤ አዲስ መጥቶ ገና የሚማረውም ልጅ ያንብበው።