ስማቸው ያልተጠራ ልጆች



ሰኔ ሲያልቅ እንጅባራ ላይ ዝናቡ አያባራም። ያም ሆኖ በወላጆች ቀን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ጥላ በያዙ አባቶችና ልጅ ባዘሉ እናቶች ይሞላል። ከየክፍሉ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ይጠራሉ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ ይጨበጨባል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ከሃምሳ ልጆች ሦስቱ ተጠሩ እንበል፤ አርባ ሰባቱስ ምን ይዘው ተመለሱ?

«ታዲያ ጎበዝ አይሸለም ልትል ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ቁርኣን ራሱ በበጎ ሥራ እንድንሽቀዳደም ያዘናል። ሽቅድምድም ግን መነሻ መስመር አለው። ጥር 23 ቀን በከተማችን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ሽምጥ ከሚጋልቡት አንዱ ከዳገቱ ሥር ሌላው ከመድረሻው አጠገብ ቢነሳ ማን ዝም ብሎ ያያል? በክፍል ውስጥ ግን ማታ መብራት አብርታ የምታጠናዋና ከትምህርት መልስ ከብት ሲያግድ የሚመሸው ልጅ እኩል እንደተነሱ ተቆጥረው ደረጃ ይወጣላቸዋል። ያ ቁጥር ስለ ልጁ የሚናገረውን ያህል ስለ ቤቱም ይናገራል።

የቁርኣን ቤቱን ልማድ አስታውሱ። አንድ ልጅ ቁርኣንን ሲያኸትም ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ሰደቃ ያወጣል፤ ሸኹ ዱዓ ያደርጋሉ። ጓደኛው በስድስት ወር ቀድሞት ይሆናል፤ ይህን የሚጠይቅ የለም። የሚከበረው መጨረሱ ነው። እንዲያውም ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣንን አሳምሮ የሚያነብ ከተከበሩት መላእክት ጋር መሆኑን ነግረውን፣ እየከበደው፣ እየተንተባተበ ለሚያነበው ሁለት ምንዳ እንዳለው አስተምረውናል። ልብ በሉ! ጎበዙ ክብሩን አላጣም፤ የሚንተባተበውም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተባባሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ርቀዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ተመላልሶ የጨረሰ ልጅ፣ ስንተኛም ይውጣ፣ ስሙ ሳይጠራ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሆም ሩም መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቶ፣ ዘንድሮ የቻለውን አንድ ነገር በወላጁ ፊት ቢናገርለት ምን ይጎዳል? አንዷ ማንበብ ጀምራለች፤ አንዱ ማካፈል ገብቶታል፤ ሌላው አፉን በፈታበት በአገውኛ ተረት መጻፍ ችሏል። ጊዜ ይፈጃል ከተባለ በየክፍሉ ይሁን፤ ሜዳው ይቅር። (ለዝናቡም የሚሻለው ይኸው ነው።) ካርዱም ከነደረጃው ለወላጅ በእጅ ይሰጥ፤ ውጤቱን መደበቅ አያስፈልግም።

የቀረው የእኛ የወላጆች ነው። ካርዱን ተቀብላችሁ ከልጃችሁ ጋር ስትመለሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? እኔ ለዓመታት «ስንተኛ ወጣህ?» ነበር የምለው። ልጄ ቁጥሩን ይነግረኝና ቤት እስክንደርስ ጭቃውን እያየ ይሄድ ነበር።