የፈረሱን ጥርስ ሳታዩ

ልጆቼ፣ አባቶቻችን ፈረስ ሲገዙ በኮርቻውና በጌጡ አይሸነገሉም ነበር። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ያያሉ፣ ኮቴውን አንስተው ይመረምራሉ፣ ሽቅብ አስጋልበው ትንፋሹን ያዳምጣሉ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር ባለበት በአዊ ምድር፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰለፈውን ፈረስ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። እናንተ ግን ተርቦ ያላትን አሮጌ መኪና ቀለሟንና ጎማዋን ብቻ አይታችሁ ቀብድ ትከፍላላችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማችሁምን?

የመኪናዪቱ ጥርስ በኮምፒውተሯ ሣጥን ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 1990ዎቹ በተሠሩት በአውዲ፣ በቮልቮና በመሳሰሉት ተርቦዎች፣ ነዳጁ ምን ያህል ይረጭ፣ እሳቱ መቼ ይለኮስ የሚለው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው 28 እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። ጉልበት ያማረው ሰው ይህችን ነቅሎ ሌላ ይተክላል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና ሻጩ አይነግራችሁም፤ ሣጥኑ ግን ይናገራል። ብሎኑ ተፍቋል? ማሸጊያው ተቀዷል? በቺፗ ዙሪያ ያለው ብየዳ ከሌላው ይልቅ ያብረቀርቃል? ቺፗ በሶኬት ላይ መቀመጧ ብቻውን አያስፈርድም፤ ከፋብሪካም እንዲሁ የመጡ አሉ። ይልቅ ተለጣፊዋን አንብቡ። የፋብሪካው ቁጥር የታተመበት ከሆነ ደግ፤ የጋራዥ ስም ወይም የእጅ ጽሕፈት ካለበት ጠይቁ። እንዳትልጧት ብቻ! ከተለጣፊዋ ሥር የመስታወት መስኮት ያላት ቺፕ ፀሐይ ከከረመባት የተጻፈባት ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ በመጡት መኪኖች ጽሑፉ በገመድ ስለሚቀየር ዓይን አይበቃም፤ ኮምፒውተር የሚያነብ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

ጉልበት ቢጨመር ምን ይጎዳል ትሉኝ ይሆናል። አገራችን ደጋ ነው፤ ዳንግላ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር አትርቅም። አየሩ ሳስቷልና ተርቦው የጎደለውን ሊሞላ ቀድሞውንም አብዝቶ ይሽከረከራል። ባዕዷ ቺፕ በዚያ ላይ ጨምር ትለዋለች። ደግሞም እንዲህ ያሉት ቺፖች ብዙዎቹ የተጻፉት ኦክታኑ ከፍ ላለ ቤንዚን ነው። ዝቅ ያለውን ስትቀዱላት ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ስትወጡ ፒስተኑ ሊቀልጥ ይችላል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው።

ቺፕ መቀየሩን እንደ ኃጢአት አልቆጥረውም፤ የሚከፋኝ መደበቁ ነው። ስለዚህ ሻጩን በለሰለሰ አንደበት ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ የድሮዋ ቺፕ የት ናት?» ተቆጥቶ ወሬ ከለወጠባችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተነሡ። ከመሳቢያ አውጥቶ በመዳፋችሁ ካኖራት ግን ቁጭ ብላችሁ በዋጋው ተነጋገሩ።