እውነተኛ ፍቅር በማዕድ ይታወቃል

ፍቅር የሚለውን ቃል ሁሉ ይናገረዋል፤ መልኩን ለይቶ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እናት ልጇን፣ ወንድም ወንድሙን፣ ነጋዴም ደንበኛውን ይወዳል፤ ይህም ሁሉ በስሙ ፍቅር ይባላል። ነገር ግን የሚወዱትን መውደድ ቀራጮችም የሚያደርጉት ስለ ሆነ ልዩ ዋጋ እንደማያሰጥ ጌታ በወንጌል አስተምሯል። ስለዚህ የክርስቲያን ፍቅር የሚመረመረው በዘመድና በወዳጅ ዘንድ ሳይሆን፣ ልማድ ከቍጥር ባስወጣው ሰው ዘንድ ነው።

ይህን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በጉራጌ አገር የምትገኘውን የጉመርን ከተማ አረቅጥንና በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች መመልከት ይበቃል። አገሩ ደጋ ነው፤ እንሰትና ገብስ ያበቅላል። በመንደሩ መካከል ጀፎረ የሚባለው ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ያልፋል። ጀፎረ የማንም የግል ይዞታ አይደለም፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሠርገኛ ያልፍበታል፣ ለቅሶም ይቀመጡበታል። ከጀፎረው ግራና ቀኝ የተሠራው የሣር ቤት ውበቱ የተመሰገነ ነው። ሰው ቢሞት እድሩ ይደርሳል፤ ቤት ቢሠራ መንደሩ ይተባበራል። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ፍቅርን አያውቅም የሚለው የለም።

ነገር ግን የዚያን ቤት ምሰሶ የጠረበው ማነው? አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዊልያም ሻክ በ1966 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መዘገበው፣ የቤቱን የእንጨት ሥራ የሚሠሩት ፉጋ የሚል ስም ተሰጥቷቸው ከሌላው የተለዩ ባለ እጆች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለሌላው ማደሪያ እያቆሙ፣ ራሳቸው መሬት አርሰው እንዳያድሩ ልማድ ከለከላቸው፤ ከሌላው ጋር መጋባትም አብሮ መብላትም አልተፈቀደላቸውም። ይህ ነውር የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ በሰሜኑም አገር ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያለ የሚሸሽ ሰው፣ ማረሻውንና ምጣዱን ግን ከእነርሱ ይገዛ ነበር። ሥራው ተፈለገ፤ ሠራተኛው ተጠላ።

ባልንጀራ የሚለው የአማርኛ ቃል እንጀራን በውስጡ የያዘ ይመስላል፤ እንጀራ የሚካፈሉት ሰው እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ከታዘዘ፣ ሰውን ከማዕድ መለየት ከትእዛዙ ለማምለጥ መንገድ መፈለግ ይሆናል፤ ባልንጀራ እንዳይሆን አስቀድሞ እንጀራውን ከለከሉት ማለት ነውና።

ጌታ በሲካር ጕድጓድ አጠገብ ሳምራዊቱን ሴት ውኃ በለመናት ጊዜ እርሷ ተደነቀች፤ አይሁድና ሳምራውያን አይተባበሩም ነበርና። እርሱ መቅጃ አልነበረውም፤ ከእርሷ እጅና ከእርሷ ዕቃ ሊጠጣ ፈቀደ። ጴጥሮስም በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ይበላ ነበር፤ ሰዎች ከኢየሩሳሌም በመጡ ጊዜ ግን እነርሱን ፈርቶ ከማዕዱ ፈቀቅ አለ። አሕዛብን ጠላሁ አላለም፤ ከማዕድ ብቻ ተለየ። ሆኖም ጳውሎስ ነገሩን እንደ ቀላል አልቈጠረውም፤ የወንጌልን እውነት የሚያጐድል መሆኑን አይቶ በሁሉ ፊት ተቃወመው። አለቃው ሐዋርያ ስለ ማዕድ ከተወቀሰ፣ ሌላው በምን ያመልጣል?

በዚህ ላይ፣ «እኔ በልቤ ማንንም አልጠላም፤ ለባለ እጁም ደመወዙን እከፍላለሁ፤ ሲራብም እህል እሰጠዋለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ደመወዝ መክፈል ፍትሕ ነው፤ እህል መስጠትም ምጽዋት ነው፤ ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን ሐዋርያው ያለውን ሁሉ ለድኆች ቢያካፍል እንኳ ፍቅር ከሌለው እንደማይጠቅመው ገልጿል። ሰጪ በደጅ ቆሞ ሊሰጥ ይችላል፤ ምጽዋት ከፍና ዝቅ ብለው በቆሙ ሰዎች መካከል ሊፈጸም ይችላልና። ፍቅር ግን ከፍ ያለውን ያወርዳል፤ ዝቅ ያለውን ያነሣል፤ ሁለቱንም በአንድ ሰሌን ላይ ያስቀምጣል።

ሌላው ደግሞ፣ «ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም፤ ልብ ያልፈቀደውን ማን ያስገድደዋል?» ይላል። እውነት ነው፤ ስሜት በትእዛዝ አይነሣም። ወንጌል የሚያዝዘው ግን አስቀድሞ ሥራውን ነው። በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው ያነሣው ደጉ ሳምራዊ፣ የአገሬ ሰው ነውን ብሎ አልጠየቀም፤ ቍስሉን አሰረ፣ በአህያውም ጫነው። እጅ ከተዘረጋ በኋላ ልብ ይከተላል፤ ከአንድ ገበታ አብሮ የቈረሰም ቀድሞ በተጸየፈው ነገር ማፈሩ አይቀርም።

የመንግሥት ሕግ የሚቻለውን አድርጓል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን አጸና። ልማዱም ከቀድሞው እየላላ መጥቷል፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ሕግ መሬት ያሰጣል፤ ጎረቤትን ግን ለምሳ አያስጠራም፤ ልጅንም ለመዳር አያስፈቅድም። ሕግ የሚቆምበት ደፍ የፍቅር ሥራ የሚጀመርበት ነው፤ በዚያም ደፍ ላይ ካህኑም ምእመኑም ይጠየቃሉ።

በመስቀል በዓል የጉራጌ ልጅ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ክትፎው ይቀርባል፣ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። የበዓሉም ስም ጌታ የተሰቀለበት ዕንጨት ነው፤ እርሱም በምድር ሳለ የጠራቢ ልጅ ተብሎ ተንቆ ነበር። እንግዲህ የቤቱ ጌታ በዚያ ቀን ምሰሶውን ተደግፎ ሲቀመጥ ዓይኑን ወደ ላይ ያንሣ፤ ጣሪያውን ማን እንደ ገጠመው ያስብ፤ ከዚያም ያ ሰው በማዕዱ ዙሪያ ስፍራ አግኝቶ እንደ ሆነ ይመልከት። አግኝቶ ከሆነ የበዓሉ ደስታ ሙሉ ነው፤ ካላገኘም ወደ ደጅ ወጥቶ ይጥራው።